ለሰው ፈውስ፣ ለድመት ሞት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአዋሽን በረሃ አቋርጦ፣ በሚኤሶ ቆላ አልፎ ወደ ጨርጨር ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከ326 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ፣ ሽማግሎቿ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያሉ የሚጠሯትን የጭሮን ከተማ በተራሮች መካከል ሲያገኛት፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በጫት ገበያዋ ግርግርና በጭነት መኪኖቿ ሰልፍ ላይ ስለ ሆነ፣ በየሱቁ ደጃፍ ከእህል ጆንያ ላይ ተጠቅልላ የምታንቀላፋውን ድመት ልብ አይላትም። ይሁን እንጂ ማሽላውን በጉድጓድ፣ በቆሎውን በጆንያ ለሚያኖረው የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ያች ድመት የጎተራው ጠባቂ ናት፤ ያለ ደመወዝ ታድራለች፤ ከአይጥ አፍ የምታስጥለው እህልም በዓመት ቢሰፈር የሚናቅ አይሆንም።

የአገሩ ሃይማኖትም ለዚህች ፍጥረት ስፍራ ሰጥቷታል። ከሕዝቡ የሚበዛው የእስልምና ተከታይ ነውና፣ ድመት በቤቱ ንጽሕት ሆና ትኖራለች፤ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ አቡ ሁረይራ ይህን መጠሪያ ያገኘው ለድመቱ ከነበረው ፍቅር የተነሣ መሆኑን ልጁ ገና በቁርኣን ቤት ሳለ ይሰማል። ክርስቲያኑም በበኩሉ በመጽሐፈ ጦቢት ከጦብያ ኋላ የተከተለውን ውሻ ያውቃል፤ የሚያስደንቀውም ያ መጽሐፍ የዓሣ ሐሞት ለዓይን መድኃኒት እንደ ሆነ የሚተርክ በመሆኑ፣ የቤት እንስሳና የሰው መድኃኒት በአንድ መንገድ ላይ አብረው ሲጓዙ የሚታዩበት ቅዱስ ታሪክ መሆኑ ነው። በዛሬው ቤታችን ግን እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ፍጻሜው ብዙ ጊዜ ኀዘን ነው።

ቀጥዬ የማቀርበው ነገር በብዙ ቤቶች የሚደርስ ስለ ሆነ፣ የማንንም ስም ሳልጠራ በአንድ ቤት አምሳል እተርከዋለሁ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ከጨርጨር ተራሮች የሚወርደው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሻል፤ የቤቲቱ እመቤት ጉንፋን ይዟት አጥንቷን ሰብሯት ስለ ዋለ፣ በመስኮቱ አጠገብ ከምስማር ላይ ከተንጠለጠለው ፌስታል ፓራሲታሞል አውጥታ ሁለት ፍሬ ትውጣለች። ድመቷም ከትናንት ጀምራ እህል አልቀመሰችም፤ ጆሮዋ ይፋጃል፤ ጥግ ይዛ ተኰራምታለች። እመቤቲቱ ከራሷ ሕማም ይልቅ የድመቷ ዝምታ አሳዝኗት፣ አንድ ሌላ ፍሬ ለሁለት ትከፍልና ግማሹን በወተት በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣታለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን ድመቷ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ ሌሊቱን ፊቷና የፊት እግሮቿ ያብጣሉ፤ ሲነጋ እመቤቲቱ በዘምቢል አድርጋ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ወደ ከብት ክሊኒኩ ትገሠግሣለች።

«ዶክተር፣ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ አሁን ደግሞ ባሰባት።»

«ምን አበሏት፣ እትዬ?»

«ምንም። ከማስታገሻዬ ግማሽ ብቻ ሰጠኋት። ለልጅም ይሰጥ የለም?»

ሐኪሙ የድመቲቱን ከንፈር በጣቱ ገልጦ ድዷን ያያል፤ ሮዝ መሆን የሚገባው ድድ ጠቁሯል፤ ከእግሯ የቀዳው ደምም ቀይ መሆኑ ቀርቶ የተፈላ ቡና መስሏል። ሰዓቱን ጠይቆ በጣቱ ይቆጥራል፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ድመቲቱ ከቀትር በፊት ትሞታለች፤ እመቤቲቱም በገዛ እጇ እንደ ሆነ ስትሰማ የምታሰማው ለቅሶ በዚያ ክሊኒክ ለበሬ ከሚሰማው ለቅሶ አያንስም።

የጥፋቱ መነሻ ርኅራኄ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ። በሌላው ዓለም ስለዚህ ነገር ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ከአልጋ ሥር የወደቀ ኪኒን የለቀመ ቡችላ፣ ወይም የእመቤቱን ቦርሳ የቀደደ ውሻ ነው፤ በእኛ አገር ግን፣ ለዶሮው የሰው ቴትራሳይክሊን ፈትቶ በውሃ ማጠጣት፣ ለበጉ የራስ ምታት ኪኒን ማዋጥ ከቤት ቤት የተለመደ ስለ ሆነ፣ መርዙ እንደ ፈውስ ታስቦ በእጅ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚወዱትን ለማዳን ሲሉ የማይገባውን የሚያደርጉ ሰዎችን መንቀፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ የሚገባው ምሥጢሩን ማስረዳት ነው።

ምሥጢሩም በጉበት ውስጥ ነው። ሰው ፓራሲታሞልን በዋጠ ጊዜ ጉበቱ አብዛኛውን ክፍል ግሉኩሮኒክ አሲድ ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር እያጣመረ በውሃ የሚሟሟ ያደርገውና በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር ያስወግደዋል፤ በመርዝነት የሚቀረው ጥቂት ነው፤ እርሱንም ግሉታታዮን የተባለው የሰውነት ተከላካይ ያከሽፈዋል። ድመት ግን ይህን የማጣመር ሥራ የሚፈጽመውን ኤንዛይም የሚያስገኘው ጂን በባሕርይዋ የተሰበረ ነው። ሥጋ ብቻ የሚበላ ፍጥረት ዕፀዋት ከሚያመነጩት መርዝ ጋር ስለማይታገል፣ በብዙ ዘመን ውስጥ ይህ ኀይል ሳያስፈልገው ቀርቶ ጠፍቷል ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ። ጉድለቱ የድመት ወገን የሆኑትን ሁሉ የሚያካትት በመሆኑ፣ በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ለብዙ ዘመን ዘውድ ደፍቶ የቆመው አንበሳ እንኳ ከዚህ ድካም ነጻ አይደለም።

ስለዚህ መድኃኒቱ በድመት ሰውነት ውስጥ መውጫ አጥቶ ወደ መርዝነት ይለወጣል፤ መርዙም አስቀድሞ ደሙን ያጠቃል። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሜትሄሞግሎቢን ወደሚባለው፣ መሸከም ወደማይችለው ዓይነት ይለወጣል፤ ሳንባዋ አየር እየሳበ፣ ልቧ እየመታ፣ ድመቲቱ ከውስጥ ትታፈናለች። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። መጠኑን በቁጥር ብናየው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል፤ በአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ብቻ የጎዳት ድመት ታይታለችና፣ 3 ኪሎ የምትመዝን የጭሮ ድመት ለጉዳት የሚበቃት 30 ሚሊ ግራም፣ ይኸውም 500 ሚሊ ግራም ከሚመዝነው ፍሬ ከዐሥራ ስድስት አንዱ እጅ ያህል ነው። እመቤቲቱ የሰጠችው ግማሽ ፍሬ በኪሎ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ ነበር።

መድኃኒት አለውን? አዎን፣ አለው። አሲቲልሲስቴይን የሚባለው፣ በሰው ሕክምናም ፓራሲታሞል ከልክ በላይ ለወሰደ በሽተኛ የሚሰጠው መድኃኒት፣ የተሟጠጠውን ግሉታታዮን ይተካል፤ የእንስሳት ሐኪሞች መጀመሪያ በኪሎ 140 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 70 ሚሊ ግራም ይሰጣሉ። ቫይታሚን ሲም የተበላሸውን ሄሞግሎቢን ወደ ቦታው ለመመለስ ያግዛል። እንግዲህ የድመቲቱ ማዳኛ የሚገኘው ከከብት ክሊኒክ መደርደሪያ ይልቅ በሰው ሆስፒታልና በሰው መድኃኒት ቤት ነው፤ ስለዚህም ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ውሻ ስንመጣ ሌላ ጉድለት እናገኛለን። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ በጭሮም፣ በበዴሳም፣ በገለምሶም ግቢ የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ የሚበላውም የተጣለውን ሁሉ ነውና ከቤቱ ጥራጊ ጋር የወጣው ኪኒን ሁሉ ወደ አፉ ይገባል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ከጸናባቸው ብሎ ከሚቈጥራቸው 30 አገሮች አንዷ ስለ ሆነች፣ በብዙ ቤቶች የዚህ በሽታ መድኃኒት ለወራት ይቀመጣል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ የማይለየው አይሶናያዚድ ነው። ይህ መድኃኒት በነቀርሳ ላይ ያለው ኀይል በ1952 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ጀምሮ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ነፍስ አትርፏል፤ ለውሻ ግን የለየለት መርዝ ነው። የሰው ጉበት አይሶናያዚድን በአሲቲል እያጣመረ ያከሽፈዋል፤ ውሻ ይህ ኤንዛይም ጨርሶ የለውም። መድኃኒቱም በአንጎል ውስጥ ቫይታሚን ቢ6ን ያሟጥጣል፤ ያለዚያ ቫይታሚን ነርቭን የሚያረጋጋው ንጥረ ነገር አይሠራምና፣ ውሻው በግማሽ ሰዓት ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይንዘፈዘፋል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ይወድቃል። በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ሊገድል ይችላል፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን የግቢ ውሻ ይህ 300 ሚሊ ግራም ከሚመዝኑት ፍሬዎች ሁለት ተኩል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በአገራችን የሚከተል ሁለተኛ አደጋ አለ፤ እኔም ከዚህ ጽሑፍ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህን ይያዝ እላለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ሰው የሚገድል እውነተኛ መቅሠፍት ነው፤ ስለዚህም በመንደር መካከል የሚንዘፈዘፍና ለሃጩ የሚዝረከረክ ውሻ በታየ ጊዜ፣ ማንም ሳይመረምር፣ «አብዷል» ተብሎ ድንጋይና ዱላ ይነሣበታል። አይሶናያዚድ የበላ ውሻ ከዚህ ፍርድ የሚያድነው ጠበቃ የለውም። የሰዉ ፍርሃት አግባብ ያለው በመሆኑ፣ ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ውሻ በባዶ እጁ ይንካ፣ አፉንም ይክፈት አልልም፤ ፈጽሞ አያድርግ። ነገር ግን በሩን ዘግቶ፣ ልጆችን አርቆ፣ በቤት ውስጥ የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መኖሩን፣ ከማሸጊያውም የጎደለ መኖሩን አይቶ፣ ለእንስሳት ሐኪም መንገር ይቻላል። ማርከሻው ቫይታሚን ቢ6፣ ይኸውም ፒሪዶክሲን ነው፤ ሐኪም ከተበላው አይሶናያዚድ ሚሊ ግራም ጋር በተመጣጠነ መጠን በመርፌ ይሰጠዋል። የሚገርመውም፣ በሰው ዘንድ አይሶናያዚድ ነርቭን እንዳይጎዳ ፒሪዶክሲን አብሮ የሚታዘዝላቸው በሽተኞች ስላሉ፣ መርዙና ማርከሻው በአንድ ፌስታል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያድሩባቸው ቤቶች መኖራቸው ነው።

ስለ ሌሎቹ መድኃኒቶች ባጭሩ ልለፍ። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በአንዱ ፍሬ 60 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይይዛል፤ 3 ኪሎ ለሆነ ቡችላ ሦስት ፍሬ ከባድ መርዝ ነው፤ ለሕፃን ልጅም ብረት ከሚፈሩት መርዞች አንዱ መሆኑን እናቶች ይወቁ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቈስላሉ፣ ኩላሊቱንም ያጠፋሉ። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ግሊቤንክላማይድ የውሻውን የደም ስኳር አውርዶ ያዝለፈልፈዋል። ወባ በሚበዛበት በሚኤሶ ቆላ በየቤቱ የሚገኘው ክሎሮኪንም ልብን የሚያውክ ነው። ከበርጫ በኋላ የተጠረገው የጫት ገራባ ለፍየል መሰጠቱ በሐረርጌ የታወቀ ነውና፣ ከገራባው ጋር የወደቀ ኪኒን አብሮ እንዳይሄድ ቢታይ መልካም ነው።

ለአንዱ ፈውስ የሆነው ለሌላው ጥፋት መሆኑን ዓለም በታላቅ ዋጋ የተማረው በሕንድ አገር ነው። በዚያ አገር ለታመመ ከብት ዲክሎፌናክ መስጠት ተለምዶ ነበር፤ ከብቱ ሲሞት ሬሳውን የሚበላው ጥንብ አንሣ ግን በዚህ መድኃኒት ኩላሊቱ እየጠፋ ስለ ሞተ፣ ከ1992 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጀርባ ነጩ ጥንብ አንሣ ከሺሕ አንድ እስኪቀር ድረስ አለቀ። ምክንያቱ የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መንግሥት ለእንስሳት የሚሰጠውን ዲክሎፌናክ በ2006 እ.ኤ.አ. ከለከለ። አንድ ኪኒን የሚያደርሰው ጥፋት ከአንድ ቤት አጥር አልፎ እስከ ሰማይ ወፎች ሊደርስ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ጭሮ እንመለስ፤ ከተማዋን የጨርጨር መቀመጫ አድርገው በ1910ዎቹ ዓ.ም. የቈረቈሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የነደፉት፣ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ቴአትር የጻፉ ሰው ናቸው፤ በዚያም ቴአትር የሚናገሩት አውሬዎች እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። የከተማዪቱ መሥራች እንስሳትን አፍ ሰጥተው ያናገሩ መሆናቸውን ሳስብ፣ የዛሬዎቹ የጭሮ ድመቶችና ውሾች ሕመማቸውን የሚናገርላቸው ማጣታቸው ይበልጥ ይሰማኛል።

ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በዚህ አገር የእንስሳት ሕክምና የቆመው በበሬ ላይ ነው። የሐረርጌ ሰንጋ በደጃፍ ታስሮ፣ በማሽላና በበቆሎ ቅጠልና አገዳ በእጅ እየተመገበ የሚደልብ፣ ዝናው በአገር ሁሉ የተሰማ ሀብት ነው፤ ስለዚህም ክሊኒኮቹ የሚያከማቹት የአባ ሰንጋ ክትባት፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የገበሬው ኑሮ በእርሱ ነውና። በሒርና የሚገኘው የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪም የሚያገለግለው በዋናነት ይህንኑ የከብት ሀብት ነው። በእንስሳት ሕክምና ትምህርት የታወቁት የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከጭሮ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተ ምሥራቅ፣ የቢሾፍቱው ደግሞ ከዚህ የራቀ በስተ ምዕራብ ናቸው፤ በ4 ሰዓት ውስጥ ደሟ ለሚበላሽ ድመት ሁለቱም ሩቅ ናቸው።

ሕጉም ሁለቱን ዓለማት ለይቶ አቁሟቸዋል። የሰው መድኃኒት በ2011 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቍጥር 1112፣ የእንስሳት መድኃኒት ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቍጥር 728 ይመራል። መለየቱ ለቍጥጥር ይበጃል፤ ነገር ግን የሰው መድኃኒት ሻጭ ስለ ድመት አይጠየቅም፣ የእንስሳት ሐኪምም አሲቲልሲስቴይን አያከማችም፤ ድመቲቱ በሁለቱ መካከል ትወድቃለች። በአሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የእንስሳት መርዝ ጉዳይ ማእከል በስልክ ለሚጠይቀው ሁሉ ሌትና ቀን ይመልሳል፤ ከሚቀርቡለትም ጉዳዮች በየዓመቱ በብዛት ከቀደሙት መካከል የሰው መድኃኒት አይጠፋም። ለእኛ እንዲህ ያለ ማእከል እስኪቆም ድረስ፣ የሁለት ባለሙያዎች መተዋወቅ ብዙ ነፍስ ያተርፋል።

በዚህ መካከል የቤት ሰው ማድረግ ያለበትና ከማድረግ የሚቈጠብበት ነገር አለ። መርዝ ለበላ እንስሳ ወተት መጋት፣ ዘይት ማፍሰስ፣ ጨው በውሃ በጥብጦ እንዲያስታውክ ማድረግ ከአያቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው፤ ሆኖም ወተት ፓራሲታሞልን አያረክስም፤ ዘይት በሚንዘፈዘፍ እንስሳ ጕሮሮ ሲፈስስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ጨው ደግሞ ራሱ አንጎልን የሚጎዳ መርዝ ይሆናል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ከሰልም በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ ነውና፣ ከምድጃ የተነሣ ከሰል ቢወቀጥ አይተካውም። የሚጠቅመው ፍጥነትና እውነት ነው፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ፣ ስንት ፍሬ እንደ ጎደለ ቈጥሮ፣ የተበላበትን ሰዓት አስታውሶ፣ ሳያፍሩና ሳይደብቁ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ። ከአፍረት የተነሣ «ምንም አልሰጠኋትም» የሚል ሰው ሐኪሙን በጨለማ ያስሄደዋል።

ስለዚህ ልመናዬ ለሦስት ወገን ነው። በጭሮ፣ በሒርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሚኤሶ መድኃኒት ቤት የምትሠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ ፓራሲታሞል ለሚገዛችሁ ሰው «ለድመት አይሰጥም» የምትል አንዲት ቃል ጨምሩለት፤ የነቀርሳ መድኃኒት የምታድሉ ነርሶችም፣ ውሻና ሕፃን ከማይደርስበት እንዲቀመጥ ስትመክሩ የውሻውን ስም አትርሱ። የእንስሳት ሐኪሞች ሆይ፣ በቅርባችሁ ካለው ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ጋር ተዋወቁ፤ አሲቲልሲስቴይን፣ ቫይታሚን ሲና ፒሪዶክሲን የት እንዳሉ ችግሩ ከመድረሱ በፊት ጠይቃችሁ ዕወቁ። አንተም አንባቢ፣ አንቺም አንባቢት፣ ይህን ጽሑፍ እንዳነበባችሁ ተነሡና ከምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል አውርዳችሁ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ቈልፉበት።